ሶምን መሻገር፣ ሶምን መከተል

በሰሜን ፈረንሳይ ከፔሮን ከተማ ተነሥቶ፣ አሚያንንና አብቪልን አልፎ፣ በሰን ቫለሪ ከባሕር የሚደርሰው የብስክሌት ጎዳና ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። አብዛኛው ክፍሉ መኪና የማይገባበት፣ ዳገት የማያውቅ፣ ከሶም ወንዝ ዳር የማይርቅ መንገድ ነው። በግራና በቀኙ ባሉት መንደሮችና ኮረብቶች ደግሞ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች የወደቁ የብዙ አገር ልጆች ተቀብረዋል። ለጎብኚዎች የሚጻፉ መጽሐፎች እነዚህን ሁለት ነገሮች፣ የመንገዱን ጸጥታና የሸለቆውን ደም፣ አጋጣሚ እንዳጎራበታቸው አድርገው ማቅረብ ይወዳሉ። መዛግብቱን ጎን ለጎን አድርገን ስንመረምር ግን ሁለቱም የአንድ ምክንያት ውጤቶች ሆነው እናገኛቸዋለን፤ ይኸውም የወንዙ ረግረግ ነው። ሶም ለሚከተለው ሰው ገር፣ ለሚሻገረው ሰው ግን ክፉ ወንዝ ነው። ብስክሌተኛው ይከተለዋል፤ ሠራዊቶች ሊሻገሩት ተገደዱ። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ወንዝ እንቅፋት ሆነ ሲባል የእኛ አንባቢ ዓይነ ሕሊና ቀድሞ የሚያየው የዓባይን ገደል ነው። የሶም እንቅፋትነት የዚህ ተቃራኒ ነው። ወንዙ ፎንሶም ከተባለው መንደር፣ 86 ሜትር ያህል ብቻ ከፍታ ካለው ቦታ ይመነጭና 245 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ባሕር ይገባል። በአማካይ በአንድ ኪሎ ሜትር የሚወርደው ከ40 ሳንቲ ሜትር ያነሰ ስለሆነ ውሃው አይቸኩልም፤ በሰፊው የሸለቆ ወለል ላይ እየተንከላወሰ፣ በኩሬና በጨፌ እየተከፋፈለ፣ ደለልና የበሰበሰ ሣር እያከማቸ ይሄዳል። ገደል የለውም፤ እግርም መንኰራኵርም የሚይዝ ጭቃ ግን አለው። ስለዚህ ወንዙን መሻገር የሚቻለው በጥቂት የታወቁ መልካዎችና በሰው እጅ በተሠሩ ጥቂት ድልድዮች ብቻ ነበር፤ የሸለቆውም የጦርነት ታሪክ፣ አጥብበን ካየነው፣ የእነዚህ መሻገሪያዎች ታሪክ ነው።

ከጥንቱ እንጀምር። ነሐሴ 24 ቀን 1346 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 3ኛ፣ የፈረንሳይ ንጉሥ ከኋላው እየተከታተለው፣ ከአብቪል በታች ብላንሽታክ በተባለው መልካ ባሕሩ ሲሸሽ ጠብቆ ተሻገረ፤ ከሁለት ቀን በኋላም በክሬሲ ድል አደረገ። መልካውን ማን አሳየው? ዜና መዋዕል ጸሐፊው ፍሯሳር ጎበን አጋሽ የተባለ የአገሩ ተወላጅ ምርኮኛ ነው ይላል። የሞ ገዳም ዜና መዋዕል ግን መንገዱን የጠቆመው በአካባቢው 16 ዓመት የኖረ የዮርክሺር ሰው መሆኑን ይተርካል። ፍሯሳር የጻፈው ነገሩ ከተፈጸመ ከአሥርት ዓመታት በኋላ፣ በሰማው ላይ ተመሥርቶ ሲሆን፣ የሞ ገዳም ራሱ በዮርክሺር የሚገኝ መሆኑና ለአገሩ ልጅ ክብር የሚቆረቆርበት ምክንያት ያለው መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። አንዱን መርጠን ሌላውን ለመጣል የሚያበቃ ማስረጃ በእጃችን የለም። ሁለቱም የሚስማሙበት ነገር ግን ለጉዳያችን ይበልጥ ይጠቅማል፦ በዚህ ሸለቆ የሠራዊት ዕጣ በአንድ የአካባቢ ሰው እውቀት ላይ ሊንጠለጠል ይችል ነበር።

በ1415 ሄንሪ 5ኛ በዚያው መልካ ለመሻገር አስቦ ሳይሳካለት ቀረ። ከሠራዊቱ ጋር የተጓዘው ስሙ ያልታወቀ እንግሊዛዊ ቄስ፣ ቃኚ ፈረሰኞች መሻገሪያዎቹ መፍረሳቸውንና የፈረንሳይ ጦር ማዶ መቆሙን እንደነገሯቸው ይጽፋል። በፈረንሳይ ወገን ተሰልፎ የነበረው ዣን ደ ዋቭሪን በበኩሉ ወሬውን ያመጣው አንድ የጋስኮኝ ምርኮኛ እንደሆነ፣ የተናገረውም ሐሰት እንደነበር ይተርካል፤ ያ ሰው ባይዋሽ ኖሮ ፈረንሳዮች የተሸነፉበት የአዠንኩር ጦርነት ባልሆነ ነበር እስከማለትም ይደርሳል። የተሸነፈ ወገን ሽንፈቱን ከራሱ አዛዦች ስንፍና ይልቅ በአንድ ውሸታም ቢያሳብብ ለልቡ እንደሚቀለው ስለምናውቅ ለቄሱ ቃል እናደላለን። ያም ሆነ ይህ ንጉሡ ሽቅብ ወንዙን ለቀናት ተከትሎ፣ ጥቅምት 19 ቀን ከፔሮን በላይ በቤተንኩርና በቯዬን ተሻገረ።

አሁን ብስክሌት የሚሮጥበት መንገድ ግን የነገሥታት ሥራ ሳይሆን የነጋዴዎች ፍላጎት ውጤት ነው። በ1669 የወጣው የሉዊ 14ኛ የውሃና የደን ድንጋጌ ጀልባ በሚሄድባቸው ወንዞች ዳር ርስት ያላቸው ሁሉ ጀልባ ለሚጎትቱ ፈረሶች 24 ጫማ ስፋት ያለው ቦታ ክፍት አድርገው እንዲተዉ አዘዘ። የሶም የጀልባ ቦይ ሥራ ራሱ በ1770 ተጀመረ፤ አብዮቱና ጦርነቶቹ እያቋረጡት ዘግይቶ በ1843 ተጠናቀቀ። ከሰን ሲሞን እስከ ሰን ቫለሪ 156 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ ቦይ፣ ውሃውን በደረጃ ከፍና ዝቅ በሚያደርጉ በሮች እየተከፋፈለ፣ ረግረጉን በግንብና በአፈር ክምር ገደበው። የመጎተቻው መንገድ በዚህ የአፈር ክምር ላይ ነው የተዘረጋው። ፈረስ የተጫነ ጀልባ ይዞ ዳገት መውጣት ስለማይችል መንገዱ ደልዳላ መሆን ነበረበት፤ ለጉተታ ብቻ የተከለለ ስለነበርም የተራ ጋሪ መንገድ አልሆነም። የጋሪውና በኋላም የመኪናው መንገድ ከረግረጉ ሸሽቶ በኮረብታው ጫፍ ሄደ። የዛሬው ብስክሌተኛ የሚደሰትበት ጸጥታ እንግዲህ የቅርብ ዘመን ቸርነት ብቻ አይደለም፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት በጭነትና በጭቃ ስሌት ተወስኖ የቆየ ነው።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1914 መጸው የጦር ግንባሩ ሲረጋ፣ የተቃራኒዎቹ ምሽጎች ከፔሮን በስተ ምዕራብ ፍሪዝ በተባለው መንደር ዙሪያ ሸለቆውን ቆርጠው ቆሙ። ምሽግ የሚቆፈረው ግን በኖራ ድንጋዩ ከፍታ ላይ ነው፤ በረግረጉ ውስጥ አካፋ በተሰነዘረ ቁጥር ጉድጓዱን ውሃ ይሞላዋል። ስለዚህ በሸለቆው ወለል ላይ ያለው ግንባር የተቆራረጡ ትንንሽ ጥበቃዎች፣ የሸምበቆ መደበቂያዎችና የሌሊት ቅኝቶች ሆኖ ቀረ። በውጭ ዜጎች ሌጌዎን ተመዝግቦ የመጀመሪያውን ክረምት በፍሪዝ ያሳለፈው ባለቅኔ ብሌዝ ሳንድራር ይህን ሕይወት በ1946 ባሳተመው ትዝታው ገልጾታል። በምስክርነቱ ስንጠቀም ሁለት ነገሮችን እናስታውሳለን፦ የጻፈው ከሠላሳ ዓመት በኋላ ነው፤ ደራሲው ደግሞ የሕይወቱን ታሪክ ከልብ ወለድ ጋር ማዋሐድን እንደ ሙያ የያዘ ሰው ነበር። የቦታውን ጠባይ በተመለከተ ከወታደራዊው መዝገብ ጋር ስለሚስማማ እንቀበለዋለን፤ በጀብዱዎቹ ዝርዝር ላይ ግን አንመሠረትም።

በጥር 1916 መጨረሻ ጀርመኖች ፍሪዝን ያዙ። ሐምሌ 1 ቀን የተከፈተው ታላቁ የሶም ውጊያ በእንግሊዝኛ ተናጋሪው ዓለም ትዝታ ከወንዙ በስተ ሰሜን ባለው ደጋማ ሜዳ ላይ ብቻ የተካሄደ ያህል ሆኖ ቀርቷል፤ የመጀመሪያው ቀን የብሪታንያ ጉዳት 57,470፣ ከእነዚህም የሞቱት 19,240 መሆናቸው ሌላውን ሁሉ ስለሸፈነ ነው። በወንዙ ግራና ቀኝ የተሰለፈው የጄኔራል ፋዮል 6ኛ የፈረንሳይ ጦር ግን በዚያው ቀን ዓላማውን መታ። ፍሪዝ በማግስቱ ተመለሰች፤ በአሥር ቀን ውስጥ ፈረንሳዮቹ ፔሮንን ቁልቁል ከሚያሳየው ከላ ሜዞኔት ከፍታ ደረሱ። ለምን ተሳካላቸው? አንዳንዶች የከባድ መድፋቸውን ብዛት፣ ሌሎች ደግሞ ጀርመኖች ፈረንሳይ በቬርደን ተዳክማለች ብለው ከወንዙ በስተ ደቡብ ጥቃት አለመጠበቃቸውን ያስቀድማሉ። ሁለቱ ምክንያቶች አይጋጩም፤ አንዱ ሌላውን አጠናከረ ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን እምብዛም አይወሳም። ከተማይቱ በዓይን እየታየች፣ በመካከል ወንዙና ረግረጉ ስለተጋረዱ፣ ውጊያው በኅዳር እስኪያበቃ ድረስ ፔሮን አልተያዘችም። ፈረንሳዮቹ ወንዙን እየተከተሉ በቀናት ያሸነፉትን ያህል ለመሻገር በወራት አልቻሉም።

የጠቅላላውን ውጊያ ኪሳራ በሚመለከት በምንጮች መካከል ያለው ልዩነት ለታሪክ ጸሐፊ ትልቅ ማስጠንቀቂያ ነው። የብሪታንያው 420,000፣ የፈረንሳዩም 200,000 ያህል መሆኑ ብዙ አያከራክርም። ክርክሩ በጀርመን ላይ ነው። የጀርመን መዝገብ ግማሽ ሚሊዮን በሚደርስ አኃዝ ሲቆም፣ የብሪታንያ ይፋዊ ታሪክ አዘጋጅ ጄምስ ኤድመንድስ ግን ጀርመኖች ቀላል ቁስለኞችን አይቆጥሩም በሚል ምክንያት ጭማሪ እያደረገ ቁጥሩን ወደ 680,000 አደረሰው። በአሠራሩ ልዩነት ላይ ያቀረበው አስተያየት መሠረት የለውም ማለት አይቻልም፤ የጨመረው መጠን ግን በሰነድ የተደገፈ ሳይሆን በግምት የተተመነ ነው፤ ግምቱም ሁልጊዜ ለአዛዦቹ ክብር በሚመች አቅጣጫ ያጋድላል። ቁጥር በራሱ ከወገንተኝነት ነፃ ነው የሚሉ ሰዎች የኤድመንድስን ስሌት ቢመረምሩ መልካም ነበር።

ወንዙ እንቅፋት ብቻ እንዳልነበረም መዘንጋት አይገባም፤ ከኋላ ያለው ክፍሉ ስንቅ ያቀርብ ነበር። ጠፍጣፋ የጭነት ጀልባዎች በቦዩ እስከ ፍሯሲ ድረስ ይመጡና፣ ጭነቱ ከዚያ በ1916 በተዘረጋ፣ በሐዲዶቹ መካከል 60 ሳንቲ ሜትር ብቻ ስፋት ባለው ትንሽ ባቡር ወደ ከፍታው ይወጣ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ያው መስመር ስኳር የሚወጣበትን ሥር ተክል ከእርሻዎች ወደ ዶምፒየር ፋብሪካ አመላለሰ። ዛሬ በፍሯሲ ሙዚየም አለ፤ ባቡሩም ጎብኚዎችን ይዞ ከመጎተቻው መንገድ ጎን ተነሥቶ ይሄዳል።

በየካቲትና በመጋቢት 1917 ጀርመኖች ራሳቸው ሂንደንበርግ መስመር ወደተባለው ምሽጋቸው አፈገፈጉና ፔሮን መጋቢት 18 ቀን ባዶ ሆና ተገኘች። ከዓመት በኋላ በታላቁ የማጥቃት ዘመቻቸው ተመልሰው ከተማይቱን ያዙ፤ እስከ አሚያን ደጃፍ፣ እስከ ቪሌር ብረቶኖም ገሠገሡ። ሚያዝያ 24 ቀን 1918 በዚያ ስፍራ አጠገብ የሁለት ወገን ታንኮች ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት ተታኮሱ። ከዚያ ሦስት ቀን አስቀድሞ ግን በወንዙ ላይ እስከ ዛሬ የሚያከራክር ነገር ሆኖ ነበር።

ሚያዝያ 21 ቀን ጠዋት 80 የአየር ድሎች የተመዘገቡለት ጀርመናዊው የበረራ ጓድ መሪ ማንፍሬድ ፎን ሪችቶፈን፣ ዊልፍሪድ ሜይ የተባለውን ጀማሪ አብራሪ እያሳደደ በሸለቆው ውስጥ ዝቅ ብሎ በረረ። ሜይ የወንዙን መስመር ተከትሎ ሲሸሽ፣ ከቮ ሱር ሶም አልፎ ወንዙ የሚታጠፍበትና የሞርላንኩር ከፍታ ፊት ለፊት የሚገተርበት ቦታ ሲደርሱ፣ ሪችቶፈን በአውስትራሊያ መትረየሶች አናት ላይ ተገኘ። አውሮፕላኑ ከብሬ ወደ ኮርቢ በሚወስደው መንገድ አጠገብ ወደቀ። የብሪታንያ አየር ኃይል ድሉን የ209ኛው ጓድ አብራሪ ለነበረው ለሻምበል ሮይ ብራውን ሰጠ። አውስትራሊያውያኑ ደግሞ የየራሳቸውን ሰው አቀረቡ፦ ገሚሱ የመትረየስ ተኳሹን ሳጅን ሴድሪክ ፖፕኪንን፣ ገሚሱ የ53ኛው መድፈኛ ባትሪ ተኳሾች የነበሩትን ሮበርት ቡዪንና ኢቫንስን።

ማስረጃውን እንመዝን። የብራውን ሪፖርት የሪችቶፈንን ቀይ አውሮፕላን ረዘም አድርጎ እንደተኮሰበትና ሲወድቅ እንደታየ ይናገራል። ከመሬት የተመለከቱት ምስክሮች ግን ከብራውን ተኩስ በኋላ ሪችቶፈን ማሳደዱን እንደቀጠለ ይመሰክራሉ። አስከሬኑን የመረመሩት ሐኪሞች ጥይቱ በቀኝ ጎኑ፣ ከብብቱ በታች ገብቶ በግራ ጡቱ አጠገብ እንደወጣ መዘገቡ፤ እንዲህ ያለ ቁስል የያዘ ሰው ብዙ ርቀት አውሮፕላን መንዳት እንደሚችል ማሰብ ይከብዳል። ብራውን የተኮሰው በግራ በኩልና ቀደም ብሎ ነው። ቡዪና ኢቫንስ ደግሞ አውሮፕላኑ ወደ እነርሱ ሲመጣ ከፊት ነበር የሚተኩሱት። በቀኝ በኩል፣ አውሮፕላኑ ለመመለስ በዞረበት ቅጽበት፣ ተኩሶ ሊመታው ይችል የነበረው ፖፕኪን ነው። የአውስትራሊያ ይፋዊ ታሪክ ጸሐፊ ቻርልስ ቢንም ምስክሮችን ሰብስቦ ወደዚህ መደምደሚያ አዘነበለ። ቢን የአገሩ ሰው ነበርና ፍርዱን በጥርጣሬ ማየት ተገቢ ነው፤ ሆኖም መከራከሪያው በቁስሉ አቅጣጫ ላይ የቆመ እንጂ በዝና ላይ ስላልሆነ እንቀበለዋለን። እርግጠኛ ነን ግን አንልም። ለእኛ ጥናት ዋናው ነገር ሌላ ነው፦ በሰማይ የሚበረውም ሰው ሳይቀር የወንዙን መስመር ተከትሎ ነበርና፣ የጠፋውም ወንዙ በሚታጠፍበት ነው።

በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ የአውስትራሊያ ጦር አዛዥ ጄኔራል ጆን ሞናሽ ይህን የመሬት ትምህርት ከማንም በተሻለ ሁኔታ ተግባራዊ አደረገው። ከምዕራብ በኩል ፔሮን ፊት ለፊት ድልድዮቹ የተሰበሩበትና ረግረጉ የተዘረጋበት ቦታ መሻገር እልቂት መሆኑን አይቶ፣ አንዱን ክፍለ ጦር ወደ ሰሜን በማዞር በፈዬርና በአካባቢው መሻገሪያዎች አሻገረው፤ ነሐሴ 31 ቀን ሞን ሰን ካንተን የተባለውን ከፍታ ከጎን አጠቃ፤ በመስከረም መጀመሪያ ከፍታውም ከተማይቱም ወደቁ። ሞናሽ በ1920 ባሳተመው መጽሐፉ ዕቅዱን ያለ እንከን የተፈጸመ አድርጎ ማቅረቡ እውነት ነው፤ የጦር ክፍሎቹ ዕለታዊ መዝገቦች ብዙ መደናገርና ድንገተኛ ውሳኔ ያሳያሉ። የዕቅዱ መሠረት፣ ማለትም ረግረጉን ፊት ለፊት አለመንካት፣ ግን የእርሱ መሆኑን የሚክድ ምንጭ አላገኘንም።

ወደ ባሕሩ ስንቀርብ፣ በኖዬል ሱር ሜር ኖሌት በተባለው ስፍራ፣ ከ800 በላይ የቻይናውያን መቃብሮች አሉ። ብሪታንያ ከ1917 ጀምሮ ወደ 95,000 የሚጠጉ፣ ፈረንሳይም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቻይናውያን ሠራተኞችን በኮንትራት አስመጥታ ነበር፤ ወደብ ላይ ጭነት አውርደዋል፣ መንገድ ጠርገዋል፣ ከጦርነቱ በኋላም ያልፈነዱ ጥይቶችንና አስከሬኖችን ለቅመዋል። ብዙዎቹ የሞቱት በበሽታ ነው። በድል አድራጊዎቹ ታሪኮች ውስጥ የተሰጣቸው ቦታ ከሥራቸው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ያነሰ ነው።

በብስክሌት ይህን ምድር ለመጎብኘት የመጀመሪያው ታላቅ ሙከራም ገና ምሽጎቹ ሳይደፈኑ ተደረገ። ለ ፕቲ ዡርናል የተባለው ጋዜጣ ከሚያዝያ 28 እስከ ግንቦት 11 ቀን 1919 የጦር ሜዳዎቹን የሚያካልል ውድድር አዘጋጀ። ከብራስልስ እስከ አሚያን ያለው ሦስተኛው ምዕራፍ 323 ኪሎ ሜትር ነበር፤ አሸናፊው ሻርል ደሩይተር በብርድና በዝናብ፣ መድፍ ባረሰው ጎዳና ላይ ከ18 ሰዓት በላይ ፈጅቶ ማታ ደረሰ። ከተነሡት 87 ተወዳዳሪዎች የመጨረሻውን ምዕራፍ የፈጸሙት 21 ብቻ ናቸው። ተወዳዳሪዎቹ የሄዱት በከፍታው የመኪና መንገድ ነው፤ የመጎተቻው መንገድ ያን ጊዜ ገና የጀልባ ሥራ ነበረበት።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ ግንቦት 20 ቀን 1940 የጀርመን ታንኮች አሚያንንና አብቪልን ይዘው በዚያው ሌሊት ከባሕር ደረሱ፤ ወንዙ በድጋሚ ግንባር ሆነ። ከግንቦት 28 እስከ 30 ቀን ሻርል ደ ጎል በ4ኛው የታንክ ክፍለ ጦር ጀርመኖች በአብቪል ማዶ የያዙትን ቦታ ለማስለቀቅ ተዋጋ። በትዝታ መጽሐፉ ውጊያውን እንደ ድል ያቀርበዋል፤ መሬት ማስለቀቁና ምርኮኛ መያዙም እውነት ነው። ነገር ግን የሞን ኮበር ከፍታና ድልድዮቹ በጀርመኖች እጅ ቀርተዋል፤ የአንድ መሻገሪያ ውጊያ ደግሞ የሚለካው በተለቀቀ መሬት ስፋት ሳይሆን በመሻገሪያው ነው። ሰኔ 5 ቀን የጀርመኑ ጄኔራል ሮመል 7ኛውን የታንክ ክፍለ ጦር ይዞ በኮንዴ ፎሊና በሃንዠ መካከል ተሻገረ። ያገለገሉት ሳይፈነዱ የቀሩ የባቡር ድልድዮች ናቸው፤ ሐዲዱ ተነቅሎ ታንኮቹ በላዩ ነዱ።

ማዶ የጠበቃቸው የፈረንሳይ የቅኝ ግዛት እግረኛ ክፍለ ጦር ነበር፤ ብዙዎቹ ወታደሮቹ ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ የመጡ ናቸው። የሮመል የግል ጽሑፎች ስለ ድልድዮቹ በስፋት ይተርካሉ፤ ስለ ጥቁር ምርኮኞች መገደል ግን አንዳች አይሉም። ሰኔ 7 ቀን በኤሬን የ53ኛው ሬጅመንት መኮንን የነበረው ጋቦናዊው ሻምበል ሻርል ንቾሬሬ ከተማረከ በኋላ እንደ መኮንን እንዲያዝ በመጠየቁ በጀርመን ወታደሮች ተረሸነ። በዚያው ሰሞን ልጁም በሶም ግንባር ወድቋል። ራፋኤል ሼክ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ በግንቦትና በሰኔ 1940 እንዲህ የተገደሉት ጥቁር የፈረንሳይ ወታደሮች ከ1,500 እስከ 3,000 እንደሚደርሱ ገምቷል። የግምቱ ወሰን ሰፊ የሆነው ገዳዮቹ መዝገብ ስላልያዙ ነው፤ ስለዚህ የጀርመን ሰነዶችን ዝምታ ነገሩ አለመሆኑን እንደሚያስረዳ አንቆጥረውም፤ የተረፉትን ሰዎች ቃልና የመቃብሩን ማስረጃ እናስቀድማለን። በኮንዴ ፎሊ ባለው የፈረንሳይ ወታደራዊ መካነ መቃብር በ1940 የወደቁ ከ3,000 በላይ ወታደሮች አርፈዋል፤ አፍሪካውያንም ከመካከላቸው አሉበት።